ሥራ ያመጣው አስም፦ እንዴት ይለያል? ከተለየስ በኋላ ምን ይደረጋል?

አንድ ዳቦ ጋጋሪ እንውሰድ። ማታ ማታ ያስለዋል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይላል። ዝንጅብል ያፈላል፣ ጋቢ ይደርባል። አፍንጫው ሲደፈን ደግሞ «ሳይነስ ነው» ይባልና ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ይገዛል። ሲብስበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። አስም ነው ተብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ይታዘዝለታል። ይህ ሁሉ ሲሆን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ጥያቄው ግን ትልቅ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት በ2019 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ግምገማ፣ በአዋቂነት ዕድሜ ከሚታይ አስም ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ይህ አስም ከሌላው በአንድ ነገር ይሻላል፤ መንስኤው ሊታወቅ ይችላል። ችግሩ፣ መንስኤው እንጀራችሁ መሆኑ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ብዙ ሰው ሥራው እንዳሳመመው ሲጠረጥር ወይ ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ወይ ተናዶ በማግሥቱ ይለቃል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ዝም ያለው ሳንባው እየተበላሸ ይሄዳል። የለቀቀው ደግሞ ማስረጃውን ጥሎ ይወጣል። ከሥራው ከራቃችሁ በኋላ በሽታው ከሥራው የመጣ መሆኑን ማሳየት በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ሕመሙ አደገኛ ደረጃ ላይ ካልደረሰ በቀር፣ መጀመሪያ ለኩ፣ ጻፉ፣ ታከሙ። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ

ከሥራ ውጭ በምትሆኑበት ቀን ይሻላችኋል? የዓመት ፈቃድ ወጥታችሁ ወይም ለበዓል ቤተሰብ ጋ ሄዳችሁ ሰንበት ስትሉስ? ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ ጥርጣሬው ቦታ አለው። ሳል፣ ደረት መጨምደድ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ደረጃ ሲወጡ ቶሎ መድከም ሁሉም ይቆጠራሉ።

ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው።

አንደኛው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። «ሥራ ቦታ ምንም አይለኝም፣ ቤት ስገባ ነው የሚያፍነኝ» የሚል ብዙ ነው። ከዚያ በቤቱ አቧራ፣ በድመቷ ወይም በብርድ ልብሱ ያሳብባል። ግን ሳንባ አንዳንድ ነገሮችን ከተነፈሰ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚቆጣው። ጠዋት የገባው ብናኝ ማታ አልጋ ላይ ያስላችኋል።

ሁለተኛው የዓመቱ ጉዳይ ነው። «ይሄን ሥራ አሥር ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ዛሬ ምን አዲስ መጣ?» ይባላል። በብዛት የሚታየው የሥራ አስም አለርጂ ነው። አለርጂ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ከወራት እስከ ዓመታት ሰውነት ዝም ብሎ ይለማመድና አንድ ቀን ይገለብጠዋል። ከተገለበጠ በኋላ ግን ድሮ ምንም የማያደርጋችሁ ትንሽ መጠን እንኳ ይበቃል።

ሦስተኛው ስለ እረፍት ቀን ነው። በሳምንት አንድ ቀን አርፎ «እሁድም ያስለኛል፣ ስለዚህ ሥራው አይደለም» ማለት ልክ አይደለም። በሽታው ከቆየ አንድ ቀን ለሳንባ አይበቃውም። አንዳንዱ ሰው ለውጥ ለማየት አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

አፍንጫችሁንም አትርሱ። ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን ማሳከክ ብዙ ጊዜ አስሙን ይቀድማሉ፤ በተለይ ዱቄት ላይ በሚሠሩ ሰዎች። ለዓመት «ሳይነስ» ሲባል የቆየው ይሄ ሊሆን ይችላል።

ከአለርጂው ውጭ ሌላም ዓይነት አለ። ጋዝ ሲያመልጥ ወይም ኬሚካል ሲፈስ በአንድ ጊዜ ብዙ የተነፈሰ ሰው፣ 24 ሰዓት ሳይሞላው አስም ሊይዘው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ቀኑንና ሰዓቱን በደንብ ያስታውሰዋል። ከልጅነት የነበረ አስም በሥራ ቦታ አቧራ ወይም ብርድ ሲብስም አለ። ይህም ሕክምናና የሥራ ቦታ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ «ድሮም ነበረበት» ተብሎ የሚጣል አይደለም።

ደረጃ 2፦ የምትተነፍሱትን ነገር በስሙ እወቁት

«አቧራ አለ» ማለት አይበቃም። ሐኪሙም አሠሪውም የሚጠይቁት የትኛው አቧራ እንደሆነ ነው።

ዳቦ ቤትና ወፍጮ ቤት። ጥፋተኛው የስንዴ ዱቄት ራሱ ነው፤ ገብስና አጃም እንዲሁ። የብዙ ሰው ዓይን የማያየው ደግሞ በዱቄቱ ላይ የሚጨመረው ማሻሻያ ነው። ሊጡ ቶሎ እንዲነሳ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይገባበታል፤ ይህ ኢንዛይም ጠንካራ አለርጂ ያስነሳል። ብናኙ የሚበዛው ጆንያ ሲገለበጥ፣ ማቡኪያው ገና ሲነሳና ወለል ሲጠረግ ነው።

የመኪና ቀለም ቤት። ይሄኛው በጣም ያስፈራኛል። ሃርድነር የሚጨመርበት ቀለም ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። በዓለም ላይ የሥራ አስም ከሚያስከትሉ ኬሚካሎች በግንባር ቀደምነት የሚጠቀስ ነው። ሲረጭ የሚወጣው ጉም አብዛኛው በዓይን አይታይም፤ ከረጩ በኋላም አየሩ ላይ ይቆያል። «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ ማስኩን የሚያወልቅ ቀለም ቀቢ የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። የሚሸተው ቲነሩ ነው። አይሶሳያኔት ሽታው ሳይሰማ መጉዳት ይችላል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ርጭቱ በግቢው መሃል ስለሆነ፣ አጠገብ ስቱኮ የሚፍቀውም፣ ሻይ የምታቀርበውም ይተነፍሱታል። ፍራሽ ፎምና ፎም የሚረጭበት ሥራም ከዚሁ ወገን ነው።

ፀጉር ቤት የሚያስቸግረው ፀጉር የሚያነጣው የብሊች ዱቄት ነው፤ ፐርሰልፌት አለበት። እንጨት ቤት የእንጨት ብናኝና የኤምዲኤፍ ሙጫ። ቡና ማበጠሪያና መጋዘን ያልተቆላ ቡና አቧራ፤ ከቡናው ጋር ደግሞ ቀድሞ የጉሎ ፍሬ የተያዘበት ጆንያ ከሆነ የጉሎው ብናኝ የባሰ ነው። ሆስፒታል የላቴክስ (የጎማ) ጓንትና የዕቃ ማምከኛ ኬሚካል። ብረት ብየዳ ጭሱ።

ጽዳትን ለብቻው ላንሳው። በአዲስ አበባ ሆቴል የምትሠራው፣ በቤይሩትና በሪያድ ሰው ቤት ያለችው፣ በቴል አቪቭ ቢሮ የምታጸዳው እህታችን ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ። በረኪናን ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከአሞኒያ ጋር ቢሆንም መርዛማ ጋዝ ነው። «ሁለቱ አንድ ላይ ያነጣል» የሚባለው ምክር ሰው ሆስፒታል አስገብቷል። የሚረጭ ማጽጃ በየቀኑ መጠቀምም ለብቻው ከአስም ጋር የተያያዘ ነው። የምትችሉ ከሆነ ፈሳሹን ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ አየር ላይ አትርጩት።

ኬሚካል ከሆነ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቀይ ጠርዝ ያለው አልማዝ ቅርጽ ውስጥ ደረቱ ላይ ኮከብ የተሳለ ሰው ካያችሁ ልብ በሉ። ከምርቱ ጋር የሚመጣውን የደኅንነት መረጃ ወረቀት ጠይቁ። እዚያ ላይ «ኤች 334» የሚል ቁጥር ካለ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሲተነፈስ አለርጂ ወይም አስም ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ትንፋሻችሁን ለኩ

የጉዳዩ ልብ ይሄ ነው። ፒክ ፍሎ ሜትር የምትባል ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አለች። በኃይል ሲነፉባት ጠቋሚዋ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አየር በምን ፍጥነት እንደወጣ በደቂቃ በሊትር ታሳያለች። ኤሌክትሪክ አትፈልግም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶና ከጫማ ይልቅ ይህችን ላኩልን በሉት።

አነፋፉ እንዲህ ነው። ቆማችሁ ጠቋሚውን ወደ ዜሮ መልሱ። አየር እስከ መጨረሻ ሳቡ። ከንፈራችሁን ቱቦው ላይ ግጥም አድርጉና በአንድ ትንፋሽ፣ ባለ በሌለ ኃይላችሁ ንፉ። ሦስት ጊዜ ድገሙ። ትልቁን ቁጥር ጻፉ፤ አማካዩን አይደለም። ትልልቆቹ ሁለቱ በመካከላቸው ከ20 በላይ ልዩነት ካላቸው አነፋፋችሁ ተዛብቷልና አንድ ሁለቴ ጨምሩ።

በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ ለኩ፦ ከእንቅልፍ ስትነሱ፣ እኩለ ቀን፣ ከሥራ ስትወጡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት። በየሁለት ሰዓቱ ከቻላችሁ የተሻለ ነው። በሥራ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ከሥራ ውጭ ሁለት ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው። «ሁለት ሳምንት እረፍት ማን ይሰጠኛል?» ትሉ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዳችሁን አትቆራርጡት፤ አንድ ላይ አውጡትና በዚያ ጊዜ ለኩ። ፈቃድ ላይ ሆናችሁ የጎረቤት ጋራዥ ውስጥ ትርፍ ሥራ ከሠራችሁ ግን ልኬቱ ዋጋ የለውም።

አንድ መሣሪያ ብቻ ተጠቀሙ። በልኬቱ ጊዜ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። መድኃኒቱ ከተለወጠ ቁጥሩ የተሻለው በእረፍቱ ይሁን በመድኃኒቱ አይታወቅም። ከቁጥሩ አጠገብ ሰዓቱን፣ የዚያን ቀን የሠራችሁትንና ፓፍ ወስዳችሁ ከሆነ እሱን ጻፉ። እውነተኛውን ብቻ ጻፉ። ያልለካችሁትን ሰዓት ባዶ ተዉት፤ ባዶ ቦታ አያሳፍርም፣ የተፈጠረ ቁጥር ግን ሁሉንም ያበላሻል።

አነባበቡን በምሳሌ እንየው። በሥራ ቀን የጠዋቱ ልኬት 440፣ ከሥራ መውጫው 350 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 90 ነው። አማካዩ 395 ነው። 90ን ለ395 ብታካፍሉት 23 በመቶ ገደማ ይመጣል። በሥራ ቀናት በተደጋጋሚ 20 በመቶና ከዚያ በላይ የሚዋዥቅ፣ በፈቃድ ጊዜ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቁጥር ጠንካራ ምልክት ነው። ከስሌቱ ይልቅ ሐኪሙን የሚያሳምነው ግን ሥዕሉ ነው። በካሬ ወረቀት ላይ የየቀኑን ትልቁንና ትንሹን ቁጥር በነጥብ አስቀምጡና በመስመር አገናኙ። የሥራ ቀኖቹን በቀለም አጥቁሩ። ከሰኞ ጀምሮ ቀን በቀን የሚወርድ፣ በእረፍት የሚነሳ መስመር ከታየ ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

በባሕር ዳር ወይም በኮምቦልቻ ጥጥ ፈተላ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ልዩነት እወቁ። ከእረፍት በተመለሳችሁበት የመጀመሪያ ቀን ደረታችሁ ተጨምድዶ ከዚያ እየቀለለ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ቢሲኖሲስ የሚባል የጥጥ አቧራ በሽታ ሊሆን ይችላል። የአለርጂ አስም በተቃራኒው ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ይብሳል። ሁለቱም ሐኪም ይፈልጋሉ።

ደረጃ 4፦ ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ

ደብተሩን፣ የኬሚካሉን ፎቶና የምትወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ንግግራችሁን እንዲህ ጀምሩ፦ «ዶክተር፣ ሥራዬ ዳቦ መጋገር ነው። በሥራ ቀን ይብስብኛል፣ ፈቃድ ስወጣ ይሻለኛል። ልኬቱ ይኸው።» ሐኪሙ በቀን ስንት በሽተኛ እንደሚያይ ታውቃላችሁ፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ታተርፍለታለች።

ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ በአገራችን የአክታ ምርመራ መቅደም አለበት፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል። የደረት ራጅ ሌላ በሽታ ለመለየት ይጠቅማል። ራጁ ንጹሕ ሆነ ማለት ግን አስም የለም ማለት አይደለም። አስም በራጅ አይታይም።

ዋናው ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ነው፤ ማሽን ላይ አስነፍቶ የሳንባን አቅም የሚለካ። እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሠራል። መጀመሪያ ያስነፏችኋል፣ የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ይሰጧችኋል፣ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ደግመው ያስነፏችኋል። በመጀመሪያው ሰኮንድ የወጣው አየር በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ ለአስም ይመሰክራል። ቀጠሮውን የሥራ ሳምንት መጨረሻ ላይ አድርጉት። ሳምንት አርፎ የተመረመረ ሰው ውጤቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ለስንዴ ዱቄትና ለአሚሌዝ የቆዳ ወይም የደም አለርጂ ምርመራ አለ፤ ከተገኘ አሠሩት። በሐኪም ቁጥጥር ሥር የተጠረጠረውን ነገር በትንሹ አስተንፍሶ ማየትም አለ፤ እሱ ግን በዓለም ላይ በጥቂት ማዕከላት ብቻ የሚሠራ ነው። ቤታችሁ በፍጹም አትሞክሩት።

ደረጃ 5፦ ከመንስኤው ራቁ

አለርጂው ከተረጋገጠ ዋናው መድኃኒት ያንን ነገር አለመተንፈስ ነው። ከመንስኤው ሙሉ በሙሉ ከራቁት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ምልክቱ ፈጽሞ ይጠፋላቸዋል። የሚሻላቸው ቶሎ የራቁት ናቸው፤ ምልክቱ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው ቢሆን ይመረጣል። ፓፍ እየሳቡ እዚያው አቧራ ውስጥ መቆየት ለጊዜው ያስተነፍሳል፤ ሳንባው ግን መጎዳቱን አይተውም።

«ማስክ ላድርግና ልቀጥል» የሚለው የተለመደ ነው። ለአለርጂው ዓይነት ብዙ ተስፋ አታድርጉበት። ኤን 95 የሚባለው ማስክ የዱቄት ብናኝ ይቀንሳል። ፂም ካለ ወይም ፊት ላይ ካልገጠመ እሱም የለም። ለአይሶሳያኔት የጨርቅም ሆነ የወረቀት ማስክ ከንቱ ነው፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ማስክና አየር የሚስብ የተዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። አለርጂ የያዘው ቀለም ቀቢ ግን እነዚህ ቢኖሩትም ከርጭቱ ቢወጣ ነው የሚሻለው።

መውጣት ማለት የግድ ሥራ መፍታት አይደለም። ጋጋሪው ወደ ሽያጭ ወይም ወደ ማድረስ፣ ቀለም ቀቢው ወደ ሞተር ክፍል ሊዛወር ይችላል። በኬሚካል ሽታ ወይም በአቧራ የሚባባስ የድሮ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቦታው ከተስተካከለ እዚያው መቀጠል ይችላል።

ያልታመሙትን ለማትረፍ አሠሪው ዛሬውኑ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ርካሽ ነገሮች አሉ። ጆንያውን ከላይ አትገልብጡ፣ አፉን ወደ ማቡኪያው አውርዳችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ማቡኪያው ክዳን ይኑረው፣ በዝግታ ይነሳ። ወለሉን በመጥረጊያ አታቡኑ፣ በኮምፕረሰር አየር ልብስ አታራግፉ፤ ብናኝ የሚይዝ ቫኪዩም ይሻላል። ፀጉር ቤቶች ከዱቄት ብሊች ይልቅ በክሬም መልክ የመጣውን ይግዙ፣ በር አጠገብ ያዋሕዱት።

ደረጃ 6፦ መድኃኒቱን በትክክል ውሰዱ

«ፓፍ ከጀመሩ አይለቅም» የሚለው ወሬ ሰው ይገድላል። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ብቻውን ግን አይበቃም። የዓለም የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን አይመክርም። የሳንባውን ቁጣ የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡደሶናይድ ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ሐኪሙ ያንን ካላዘዘላችሁ ጠይቁት። ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ።

አሳሳቡ ከተበላሸ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ) ከሌለ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይሠራል። ታጥቦ ይድረቅ፤ ቂጡ ላይ የፓፉ አፍ ግጥም የሚልበት ቀዳዳ ውጉ፤ በፕላስቲኩ አፍ በኩል ከንፈራችሁን ገጥማችሁ ሳቡ። በአንድ ጊዜ አንድ ፓፍ ብቻ።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ፣ ከንፈራችሁ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ወይም ሳልቡታሞል ካልረዳ ድንገተኛ ነው። ተቀምጣችሁ በስፔሰር አራት ፓፍ አንድ በአንድ ውሰዱ፣ ካልቀለለ ከ20 ደቂቃ በኋላ ድገሙ፤ ግን ይህን የምታደርጉት ወደ ሆስፒታል እየሄዳችሁ ነው።

ደረጃ 7፦ በጽሑፍ አድርጉት

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል። ስለዚህ የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው። ሠራተኛው መሥራት ካልቻለ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት 50 በመቶ ይከፈለዋል። ይህ ከተራ የሕመም ፈቃድ የተሻለ ነው፤ በተራው ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ለአንድ ወር ብቻ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ላይ «አስም» ብቻ ሳይሆን «ከሥራ ጋር የተያያዘ» የሚለው መጻፉ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ለአሠሪው በቃል አትናገሩ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«በሥራ ቀን የሚብስ፣ በእረፍት የሚሻል የትንፋሽ ማጠር አለብኝ። ሕመሙ ከዱቄት ብናኝ ጋር የተያያዘ አስም መሆኑን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ አያይዣለሁ። ብናኝ ወደሌለበት ክፍል እንድዛወርና ጉዳዩ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ተብሎ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ኮፒ አድርጉ፤ በአንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርም፣ ቀን ይጻፍ። መልስ ካልመጣ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ወደ ማኅበሩ፣ ከሌላችሁ ወደ ክልሉ ወይም ወደ ከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሂዱና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲመጣ ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ ጉዳዩ የሚታየው በየስቴቱ ወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ጉዳት ካሣ) ነው፤ የማሳወቂያው ጊዜ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ሐኪሙ እንደነገራችሁ ወዲያው አሳውቁ። እስራኤል ያላችሁ ጥያቄውን ለቢቱአሕ ለኡሚ (ለብሔራዊ መድን ተቋሙ) ታቀርባላችሁ። በገልፍ አገሮች ሰው ቤት የምትሠሩ የሕግ ከለላችሁ ቀጭን ነው። እናንተ ማጽጃ አትቀላቅሉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የሕክምና ወረቀታችሁን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ዘመድ ላኩ፤ ስልኩም ፓስፖርቱም ከእጃችሁ ቢወጣ ወረቀቱ ይተርፋል።